ግዛቸው የጣለው ፎርም

አበዛሽ ያችን የባሏን የድሮ ትምህርት ቤት መጽሔት ባየች ቁጥር ቅናት ይይዛታል። ጓደኛዋ ጥሩወርቅ ደግሞ ክርስትናም ሆነ ለቅሶ ይዛት ትመጣለች። «ስመ ጥር ከሆኑት የቀድሞ ተማሪዎች መሀል ይርጉዬን አወጡት እኮ!» ትላለች፤ ከሥር ያለውን ጽሑፍ በአውራ ጣቷ ሸፍና፣ ከረባት ያሰረ ባሏን እያሳየች።

ይርጉና የአበዛሽ ባል ግዛቸው በጃንሆይ ጊዜ እንግሊዝ አገር አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። አንደኛ የሚወጣው ግዛቸው ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ይርጉ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ይጭናል፤ ግዛቸው ከግሬፕቫይን ሆቴሎች ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ታዲያ ካርቶን ጫኙን ምን አይተው ነው ያከበሩት? አበዛሽን ያንገበገባት ይኸው ነው።

«አንተን ምን አጥፍተህ ተዉህ?» አለችው አንድ ቅዳሜ።

«ማን ተወኝ? በየዓመቱ ምን ሠራህ የሚል ፎርም ይልካሉ፤ እጥለዋለሁ።»

«ትጥለዋለህ!»

የዘንድሮውን ከቆሻሻው ውስጥ ጎትታ አወጣችው። የቲማቲም ውሃ ነክቶታል። ግዛቸው ብዕር አላነሳም አለ፤ እሷ እንግሊዝኛ አትጽፍም። ምን ታድርግ? ቅናቷን ውጣ ካሮልተን ከተማ፣ እንግሊዝኛ የምትጽፈው ጥሩወርቅ ቤት ሄደች።

ጥሩወርቅ ፎርሙን አየችና በሩን ዘጋች። «ታዲያ ምን እናድርገው?»

«ምኑን?»

«ግዛቸውን ነዋ! እኔ ይርጉን የኩባንያ ዳይሬክተር ብዬ ነው የላክሁት። ፎቶውም የወንድሜ ሰርግ ላይ የተነሳው ነው። እሱ ራሱ ያወቀው መጽሔቱ ሲመጣ ነው። አንቺ፣ በማርያም ለሰው እንዳትተነፍሺ!»

አበዛሽ ዓመት ሙሉ የተቃጠለችው ለዚህ ነው? ሳቋም መጣ፣ እልኋም መጣ። ‹ሚኒስትር› የሚል ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

«ሹፌር በይ» አለች።

«አበዛሽ! መጽሔቱ ላይ ከሚወጡት ዳኛና ጄኔራል መሀል ሹፌር?»

«አዎ ሹፌር። በስምንት ዓመት በሱ ምክንያት አውሮፕላን ያመለጠው ሰው የለም። እሱንም ጻፊ።»

ጥሩወርቅ እየሳቀች ጻፈች።

መጽሔቱ ሲመጣ ግዛቸው የመጨረሻው ገጽ ላይ ወጥቷል፤ ሁለት መስመር። ቆሞ አነበበው፤ ተቀምጦ ደገመው። ከዚያ መጽሔቱን መኪናው ውስጥ ከፊት መስታወቱ ሥር አስቀመጠው።

አበዛሽ ግን ገጹን አገላብጣ አየችው።

«የይርጉ ፎቶ ነበረው፤ ያንተ የለውም» አለች።

በማግስቱ ለግዛቸው ከረባት ልትገዛ ወጣች።