የፍታው እግር

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ የሚያውቀው «ፍታው» ብሎ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሠራተኞቹ ናቸው ያወጡለት፤ ስፌት ትንሽ ካዘመመች «ፍታው!» ስለሚል። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እየተቁነጠነጠም ቢሆን፣ ስፌቱ የራሱም ቢሆን፣ ፍታው። በዚህ አመሉ ስንቴ እንደተንገበገበች ሚስቱ ታውቃለች።

ታዲያ የሰው ስህተት አይቶ የማያልፈው ሰውዬ የገዛ እግሩን ጠበሰ። ቀኝ እግሩ ቅዝቃዜ አልለቀው ሲል፣ ጨርቅ በካውያ እያጋለ ይጠቀልልበት ጀመር። ሚስቱ «ሞቀህ?» ስትለው «ገና ነው» ይላል። ገና ነው፣ ገና ነው ሲል ቆዳው ተላጠ። እግሩ መደንዘዙን ማን አወቀ? ቁስሉ አልድን አለ። ትንሿ ጣቱ ጠቆረች። መጀመሪያ ያየው ሐኪም «ከጉልበት በታች ይቆረጥ» አለ።

ፍታው የስፌት መኪናውን የሚረግጠው በዚያ እግር ነው። «እግሬን ከቆረጣችሁ መኪናውንም አብራችሁ ቅበሩት» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሚስቱ አላለቀሰችም። ጊዜ አልነበራትም። ደግፋ፣ ጎትታ፣ የደም ስር ቀዶ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሟ ለልጃቸው እኩያ የምትሆን ሴት ናት። ወንበር ስባ እግሩ ሥር ተቀመጠች። ብሽሽቱን ዳሰሰች፣ ከጉልበቱ ጀርባ ዳሰሰች፣ የእግሩን ጀርባ ዳሰሰች። ዓይኗን ጨፍና ነው የምትዳስሰው፤ ፍታው ሐር ሲመርጥ እንደሚያደርገው።

«ብሽሽት ላይ ይመታል። ከዚያ በታች የለም» አለች። «ጭንዎ ውስጥ ያለው ደም ስር ተደፍኗል። ይሄን ደግሞ ማን አቃጠለው?»

«ካውያ» አለ ፍታው።

«ብቻውን?»

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። ሳምንት ሙሉ ስቃ አታውቅም።

«አባባ፣ ደም ያጣ እግር ከውጭ አይሞቅም። ደሙን ነው ማምጣት» አለች ሐኪሟ። «ከራስዎ እግር ሌላ ስር አወጣና ከተደፈነው በላይና በታች እሰፋዋለሁ። ደሙ በዚያ ዞሮ ያልፋል። ስሩን ግን ገልብጬ ነው የምሰፋው።»

«ለምን ትገለብጪዋለሽ?»

«ውስጡ ትንንሽ በሮች አሉት፤ ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳልፉት።»

ፍታው ከተጋደመበት ብድግ ብሎ ተቀመጠ። «እንደ ከፋይ ጨርቅ በይኛ! የሱም ፀጉር አቅጣጫ አለው። ክሩስ?»

«ከፀጉር የቀጠነ። በማጉያ መነጽር ነው የምሰፋው። ያ ከኪስዎ የሚታየኝ ሲጋራ ግን ዛሬ ያበቃል፤ አለዚያ እኔ የሰፋሁትን እርስዎ ያጨሱታል። ጣቷም አትተርፍም፤ አልዋሽዎትም። ለእግሩ ግን እታገላለሁ።»

ፍታው ፓኮውን ከኪሱ አውጥቶ ለሚስቱ ሰጣት። 

ቀዶ ጥገናው ጠዋት ተጀምሮ ከምሳ በኋላ አለቀ። ሐኪሟ ስትወጣ መነጽሩ አፍንጫዋ ላይ ቦይ ሠርቶ ነበር። እግሩ ጀርባ ላይ፣ ትርታው የሚዳሰስበት ቦታ፣ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋለች። ነርሷ እየተመላለሰች ጣቷን እዚያ ታሳርፋለች። አንዴ መጥታ አሳረፈች፤ ቶሎ አላነሳችም። ትንሽ ፈቀቅ አደረገች። መለሰች። ከዚያ ሮጠች።

ሐኪሟን ቦርሳዋን አንግታ ልትሄድ ስትል ደረሰችባት። ሐኪሟ ተመልሳ መጣች። ምልክቱን ነካች። ትንሿን ማዳመጫ መሣሪያ አስጠጋች። ድምፅ የለም። እግሩ ነጭ ሆኗል።

ሚስቱ ፊት ፊቷን አየቻት። አሁን ሲጋራው ነው ትላለች፣ ዕድሜው ነው ትላለች፣ ቀድሞም ነግሬያችሁ ነበር ትላለች ብላ ጠበቀች።

«ታችኛው ስፌት ጠብቦብኛል መሰለኝ። የኔው ስፌት ነው» አለች ሐኪሟ። «ይፈታል።» ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወርውራ አልጋውን ራሷ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል መግፋት ጀመረች።

ሚስቱ ኮሪደር ላይ ቀረች። የገዛ ሥራውን ሰው ፊት የሚፈታ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። እሱንም ለዚሁ አመሉ ስትነዘንዘው ኖራለች። አሁን ግን ልቧ ሞላ። እንዲህ ያለች እጅ ላይ ከሆነስ ይሁን አለች።

በማግስቱ ፍታው በደንብ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው እግሩን አይደለም።

«ስፌቱ እንዴት ነበር?»

«ፈትታ ሰፋችው።»

«ማን አስፈታት?»

«ማንም። ራሷ።»

ሊስቅ ሲል ቁስሉ ያዘው። «አይይ! እቺ ሴት እኔ ጋ ብትቀጠር ሱቁን ትቼላት ቤቴ እተኛ ነበር።»

ሐኪሟ ለጉብኝት ገባች። ከፋሻው ውስጥ አንዲት ጣት ጎድላለች፤ የቀረው እግሩ ግን ሙሉ ነው። ምንም ሳትናገር የሚስቱን ጣት ይዛ ምልክቱ ላይ አሳረፈችው። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሥር ቱክ አለ። ቱክ። ቱክ።

«ሞቋል?» አለ ፍታው አንገቱን አስግጎ።

«ሞቋል።»

«ያለ ካውያ?»

«ያለ ካውያ» አለች ሚስቱ። ጣቷን ግን አላነሳችም።