ልስን የማያውቅ ቤት

የእኛ ፋብሪካ የሚሠራው ክፍል ነው። መስኮቱ፣ ሴራሚኩ፣ መብራቱ፣ የመታጠቢያው መስታወት ሳይቀር ተገጥሞለት በከባድ መኪና ይሄዳል፤ ክሬን ያነሣና አንዱን በአንዱ ላይ ይደረድረዋል። ለግንበኛ የተረፈው መሠረቱ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ክፍሎቹ ከመድረሳቸው በፊት ያንን መሠረት ለክቼ «ያልፋል» ወይም «አያልፍም» የምል ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ የመለኪያ መሣሪያውን መመሪያ ገጹ እስኪላላጥ አንብቤ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ ነው።

የዚያን ጠዋት የለካሁት መሠረት የአባቴ ሥራ ነበር።

«ሚሊሜትር መጣች! ትንፋሻችሁን ሰብስቡ፣ እሱንም ትለካለች» አለ ሻለቃ። ሻለቃ ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ አርማታ ሲያስሞላ ስለሚጮህ የወጣለት ስም ነው። ከአባቴ ጋር አብረው ሲሠሩ ነው ያረጁት።

«አንተን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ምላስህ ብቻ ከዚህ እስከ አጥሩ ይደርሳል» አልኩት።

«የሷስ? አባቷን ጠይቁት!»

ሁሉም ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቀም።

ክፍሎቹ የሚያርፉባቸውን የአርማታ መቀመጫዎች በየተራ ለካሁ። ሁሉም ልክ ነበሩ። የመጨረሻው ጥግ ከሁሉም ይበልጥ ልክ ነበር፤ ያስቆመኝም እሱ ነው። ጎንበስ ብዬ ጠርዙን ዳሰስኩት። በካሱላ፣ በግንበኛ ማንኪያ፣ ጀርባ ወደ ውስጥ ሳብ ተደርጎ ልስልስ ብሏል። አባቴ የለሰነው፣ ያደግኩበት ቤት ግድግዳ ሁሉ የሚያልቀው እንዲህ ነው። በመዶሻ እጀታ መታ ሳደርገው እንደ ባዶ ጣሳ ቋ አለ። አርማታው ዝቅ ብሎ ተሞልቶ ኖሯል፤ ከላይ በስስ ሲሚንቶ ተደፍኗል። ሦስት ክፍል ሲጫንበት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል።

አባቴ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«መሣሪያሽ ምን አለ?»

«ልክ ነው አለ።»

«እንግዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መሣሪያው አንተን አያውቅህም፣ አባዬ።»

ዞር ብሎ ፎርማኑ የቆመበትን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሻለቃ ዓይን ደክሟል። ምልክቱን ስቶ ነው የሞላው። ፎርማኑ ካወቀ ዛሬውኑ ያባርረዋል» አለኝ።

ገባኝ። የሙያቸው ሕግ ነው፤ ግንበኛ የቆፋሪውን ጉድ ይሸፍናል፣ ለሳኝ የግንበኛውን፣ ቀለም ቀቢ የለሳኙን። እንዲህ ተሸፋፍነው ነው ከተማውን ያቆሙት፤ ከተማውም አልወደቀም። የእኛ ክፍል ግን ሁሉ ነገሩ አልቆ ነው የሚመጣው። ከኋላው የሚከተል መሐሪ የለም።

«ሰው እኮ ነው የሚተኛበት፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እያወቅህ?»

«ምን ላድርግ? ጓደኛዬን ልሽጠው?»

ፎርማኑ ከወዲያ «ያልፋል ወይ?» ብሎ ጮኸ። መኪኖቹ መንገድ ላይ ነበሩ። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል።

«አያልፍም» አልኩ።

«እንዴት አያልፍም? ቁጥሩ ልክ ነው እኮ!»

ምክንያቱን ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ተነሣ። «እኔ ነኝ። ጥጉን አበላሽቼ ደፈንኩት» አለ። የሻለቃን ስም አልጠራም። እኔም አልጠራሁም።

ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም። «ጋሼ፣ ከእርስዎ አልጠብቅም ነበር» አለ፤ የአባቴ ሥራ ግን በዚያው አበቃ። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ሻለቃ ወደ ፎርማኑ ተጠጋ። ከዚያ ቆቡን አወለቀና፣ የሱ በማይመስል ቀጭን ድምፅ፣ «ምልክቱ አልታየኝም፤ የሞላሁት እኔ ነኝ» አለ። መልስ ሳይጠብቅ አባቴን ተከተለው።

መኪኖቹ ከመንገድ ተመለሱ፤ ጥጉ ፈርሶ እንደገና ተሞላ። ከሳምንታት በኋላ አርማታው ሲጠነክር ክፍሎቹ መጡ፤ ጠዋት ባዶ የነበረው ቦታ ሲመሻሽ ቤት ሆነ። የተሰበሰበው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም።

ቤት ስገባ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ከተሰናበተ ወዲህ የሥራ ነገር አንሥቶ አያውቅም።

«ተቀመጠ?» አለኝ።

«ተቀመጠ።»

«ሳይነቃነቅ?»

«ሳይነቃነቅ፣ አባዬ።»

«ደግ አደረግሽ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «እንግዲህ ዓይኑ የደከመ ሰው የት ገብቶ ሊሠራ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አላውቅም» አልኩት። ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።