የሸረፈዲን እንግሊዝኛ

ሸረፈዲን በደሴ ሰኞ ገበያ የታወቀ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሙያውን የያዘው ገና ጎረምሳ ሳለ፣ አንድ ጣሊያን ጥሎት በሄደው ፀጉር ቤት ተቀጥሮ ነው። ያኔ ደሴ ሰፍረው የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ለመላጨት ይመጡ ነበር። ከነሱ አንዱ ጢመ ቀይ ሎጋ ሰውዬ በር ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ባሮን!» ይለዋል። መኮንኑ ቀልደኛ ነበር። ሸረፈዲን ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ደረቱን ነፍቶ ሲቆም አይቶ ያወጣለት ስም ነው። ሸረፈዲን ግን ቃሉ ለሙያው የተሰጠ የእንግሊዝኛ መጠሪያ መሰለው። የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ያረመውም አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ «በእንግሊዝኛ ባሮን ነኝ» እያለ ለደንበኞቹ ሲያወራ ኖረ።

በ1976 ዓ.ም. ልጁ ጣይባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ሥራ ሊጀምር የተቃረበ ፋብሪካ የማሽን ሠልጣኞች ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ሄዳ ቅጽ አመጣች። አሠልጣኞቹ የውጭ ሰዎች ስለነበሩ ቅጹ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ነው። አባቷ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች።

«አባ፣ የአባት ሥራ ይላል። ባርበር ብዬ ልጻፍ?»

«ባርበር ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፀጉር አስተካካይ ነዋ። አስተማሪያችን እንደዚያ ያለን መሰለኝ።»

«መሰለኝ!» አለ ሸረፈዲን፣ ምላጩን መሳያ ቆዳው ላይ ማሸቱን ትቶ። «እኔ ከራሱ ከእንግሊዙ አፍ የሰማሁትን አንቺ በመሰለኝ ታርሚኛለሽ? ባሮን ነው። ባሮን ብለሽ ጻፊ።»

ጣይባ እስክሪብቶዋን ነከስ አድርጋ አባቷን አየችው። በዚህ ዓለም ላይ የሚኩራራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። አንገቷን ደፍታ ያላትን ጻፈች።

ቅጹን አስገብታ በተፈተነች በሦስተኛው ሳምንት ያለፉት ሰዎች ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ለማየት በማለዳ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ከቀትር በኋላ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ሸረፈዲን አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ እንደተቀመጠ ትቶት ወደ በሩ ሄደ።

«ወደቅሽ እንዴ?»

«አልፌያለሁ አባ። ግን ስሜን በቀይ ሰርዘውታል። ጓድ ፈንታሁን የሚሉት ካድሬ ቢሮ አስገብቶ ‹የባላባት ልጅ ነሽ፤ ባሮን ብለሽ የጻፍሽውም እኛ እንዳይገባን ነው› አለኝ። ባሮን ማለት መስፍን፣ ባለ ርስት ማለት ነው። መዝገበ ቃላት አውጥተው አሳዩኝ።» ዕንባዋ መጣ። «ረቡዕ አንተ ራስህ እንድትቀርብ ብሏል።»

ሸረፈዲን ያንን ደንበኛ እንዴት አድርጎ እንደጨረሰው አያውቅም። በዚያ ዘመን ባላባት መባል ቀላል ነገር አልነበረም። ከሱ አጠገብ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው አብዱልወሀብ ከስድስት ዓመት በፊት «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ሄዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል። ለራሱ ከፈራው በላይ ግን ያንገበገበው የልጁ ነገር ነው። ትክክሉን ቃል ይዛ ነበር። ከእጇ የነጠቃት እሱ ነው።

ከቀበሌው ፀጉር አስተካካይ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አጻፈ። ረቡዕ ጠዋት ሲወጣ መቀሱን፣ ቶንዶሱን፣ ምላጩንና ሳሙናውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲይዝ ሚስቱ ዘይቱና «ይሄ ደግሞ ለምንህ ነው?» አለችው።

«ካሰሩኝም እስር ቤት ፀጉር አይጠፋም» አላት። ቀልድ አስመስሎ ሊናገረው ሞክሮ ነበር፤ ሁለቱም አልሳቁም።

አባትና ልጅ በአውቶቡስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወረዱ። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ ተቀበላቸው። ቢሮው በር ላይ ጥቂት ካስጠበቋቸው በኋላ ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ፈንታሁን ሽጉጥ የታጠቀ፣ ጢሙ ያደገ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ጎልማሳ ነው። በስተቀኙ ሥርጉት የምትባል አስተርጓሚ ከጽሕፈት መኪና ኋላ ተቀምጣለች።

«ባሮኑ አንተ ነህ?» አለ ፈንታሁን።

«ጌታዬ፣ እኔ...»

«ጌታ የሚባል ነገር ቀርቷል! ጓድ በል።»

«እሺ፣ ጓድ።» ሸረፈዲን ደብዳቤውን አቀረበ። ፈንታሁን ገረፍ አድርጎ አየውና ወደ ጎን ገፋው።

«ደብዳቤ ማንም ያጽፋል። መሬትህን ተወርሰህ ከተማ ገብተህ መቀስ ይዘህ ብትቀመጥስ? እንዲህ ያለ ስንት አይተናል። ልጅህ በገዛ እጇ ነው የጻፈችው። ለምን ጻፈች?»

ሸረፈዲን ጣይባን አየ። መዋሸት አላሰኘውም፤ ቢያሰኘውም የሚዋሸው አልነበረውም።

«ባለማወቄ ነው» አለ። «እሷ ሌላ ቃል ልትጽፍ ነበር። እኔ ነኝ በግድ ያጻፍኳት።» ከዚያ ስለ እንግሊዙ መኮንን፣ ስለ ነጩ ካፖርት፣ በየማለዳው ስለሚሰጠው ሰላምታ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። «አርባ ዓመት ሙሉ የሥራዬ ስም ይመስለኝ ነበር። ለሰው ሁሉ ሳወራው ኖሬያለሁ። ወላሂ፣ ይኸው ነው። የሚቀጣ ካለ እኔን ቅጡኝ።»

ፊቱ በላብ ርሷል። ሥርጉት አፏን በእጇ ሸፍና ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈንታሁን አልሳቀም። በሸረፈዲን ብብት ሥር ወዳለው ጥቅልል አመለከተ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ዕቃዬ ነው።»

«ፍታው።» መቀሱንና ምላጩን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። የምላጩ እጀታ የሰው ጣት ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ተበልቷል። ፈንታሁን ቀበቶውን ከነሽጉጡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። «በል ላጨኝ። ባላባት ከሆንክ አሁን ይታያል።»

ሥርጉት ውሃ አመጣች። ሸረፈዲን የሳሙናውን አረፋ ሲቀባው አብዝቶበት በካድሬው ጆሮ ላይ ፈሰሰ። ጣይባ ዓይኗን ጨፈነች። ምላጩ ከጉንጩ ቆዳ ጋር ሲገናኝ ግን የሸረፈዲን እጅ የሚያውቀውን ሥራ አገኘ። በግራ አውራ ጣቱ ቆዳውን ወጠር አድርጎ ከጆሮ ወደ አገጭ ወረደ፤ ከጉሮሮው ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ አገጩን ቀና አድርጎ በሁለት አጭር እንቅስቃሴ ጠረጋት። «ከንፈርዎን ይንፉልኝ» አለ ሳያስበው፣ ለደንበኛው ሁሉ እንደሚለው። ካድሬው ነፋ። ማጅራቱን በመቀስ ሲያስተካክልለት የፈንታሁን ትከሻ ዝቅ ማለት፣ ዓይኑም መክበድ ጀመረ። ሲጨርስ አንዲት የደም ነጥብ እንኳ አልነበረችም።

ፈንታሁን ጉንጩን በእጁ መዳፍ ዳበሰ። ደጋግሞ ዳበሰ።

«እኔ ራሴ አሁን ባላባት መሰልኩ» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሥርጉት የያዘችው ሳቅ አመለጣት። «ይቀመጡ፣ አባባ፤ ይቀመጡ እንጂ። ሥርጉት፣ ቅጹን አምጪና አስተካክዪው። ባርበር ሾፕ ብለሽ ጻፊ።»

«ሾፕ ካልነው ቤቱ ነው፣ ጓድ። ሰውዬው ባርበር ብቻ ነው። የሴቶች ፀጉር የሚሠራው ደግሞ ሌላ ስም አለው።»

«እንግዲያስ የሰውዬውን ጻፊ» አለ ፈንታሁን፣ ትንሽ አፈር ብሎ።

ሥርጉት የድሮውን ቃል ሰርዛ አዲሱን በላዩ ጻፈችና ቅጹን ለሸረፈዲን አሳየችው። እንግሊዝኛ ማንበብ ባይችልም ፊደሎቹን በጣቱ እየተከተለ «ባር-በር» አለ። ፈንታሁን በቀይ በተሰረዘው ስም አጠገብ «ተቀባይነት አግኝታለች» ብሎ ፈረመበት። ሥልጠናው ሰኞ ይጀመራል ተባለ።

ከግቢው ወጥተው አስፋልቱን እንደተሻገሩ ሸረፈዲን ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። መንገድ ዳር ግንብ ላይ ተቀመጠ። ጣይባ ደንግጣ ጎንበስ ብትል እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ዕንባውን አመጣው።

«አይ አንተ እንግሊዝ!» አለ። «መስፍን አድርጎ ሾሞኝ ነበር እኮ፣ እኔ ሳላውቅ!»

ጣይባም ከጎኑ ተቀምጣ እስኪያማት ሳቀች። በመንገዱ የሚያልፉት ሰዎች ዘወር እያሉ ያዩዋቸው ነበር።

«አጥፍቼብሽ ነበር፣ ልጄ» አላት ሳቁ ሲበርድለት።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ አባ።»

ያኔ ሦስት ቀን ሙሉ እህል በወጉ እንዳልቀመሰ ትዝ አለው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት የሙስሊም ምግብ ቤት ነበረች፤ ገብተው የፍየል ቅቅል አዘዙ። ሳህኑን ባዶ እስኪሆን ጠረገው። ከዚያ አስተናጋጇን ጠርቶ ሌላ እንድትጨምርላቸው ነገራት፤ ጣይባም የተጨመረው እስኪመጣ ሰኞ ምን ለብሳ እንደምትሄድ ትነግረው ጀመር።