ከሁለት መቶ ጫማ በታች

እናቱ ሆስፒታል ከገባች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ማታ በስልክ "ትንሽ ደከም ብሎኝ ነው እንጂ ምንም አልሆንኩም፣ ወፌ" ብላዋለች። ካፒቴኑ ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቢቀረውም ለእናቱና ለእህቱ እስከዛሬ ወፌ ነው። አመናት። ለነገሩ የነገው የበረራ ምድቡ እሷ ወዳለችበት ከተማ ስለነበር፣ ተሳፋሪ አውርዶ እስኪመለስ ባለችው ክፍተት ብቅ ብሎ ሊያያት ቆርጧል።

ጠዋት የደንብ ልብሱን ለብሶ አየር ማረፊያው በር ላይ ሲደርስ እህቱ ደወለች። ታላቁ ናት፤ እናታቸው ሥራ ውላ እስክትገባ አዝላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች "እትዬ" ነው የሚላት።

"ሐኪሙ ደውሎልኝ ነበር" አለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ቤተሰብ ካላት ቶሎ ይድረስ አለኝ። ትኬት ቆርጫለሁ። ያንተው በረራ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ እትዬ።"

"ተመስገን! አንተ ከያዝከው እንደርሳለን።"

ስልኩን ዘግቶ ለጥቂት ጊዜ ባለበት ቆመ። ልቡ የከበደው አብራሪ "ዛሬ አልችልም" ብሎ መቅረት ይችላል፤ ደንቡ ይፈቅዳል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀውም የለም። ግን ተተኪ ተጠርቶ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ደግሞ ያን ቀን ትልቅ ነገር ነበር። ገባ።

የአየር ጠባዩ ወረቀት መድረሻው ላይ የጠዋት ጭጋግ እንዳለና በሦስት ሰዓት ግድም እንደሚገፈፍ ይናገራል። ሁለት ጊዜ ለማረፍ ሞክሮ፣ ካልሆነ ወደ ሌላ ከተማ የሚያደርሰው ነዳጅ አስሞላ። ከዚያ ረዳት አብራሪዋን ወደ ጎን ጠራት። ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው።

"እናቴ በጠና ታማለች። እህቴም አብራን ተሳፍራለች" አላት። "ደህና ነኝ ብዬ አምናለሁ። ግን ዛሬ እኔን ብዙ አትመኚ። ስሳሳት ካየሽ፣ ካፒቴን ነው ብለሽ እንዳታፍሪኝ።"

"እሺ ካፒቴን" አለች። ፊቷ ግን ገረጣ።

ስልሳ ስምንት ሰው ይዘው ተነሡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እላይ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፤ ከታች ግን ከተማ የሚባል ነገር የለም። ጭጋጉ ተራራውንም ቤቱንም ውጦ፣ እንደተባዘተ ጥጥ ተዘርግቷል። የማማው ተቆጣጣሪ አልፎ አልፎ ሳሳ ይላል አላቸው።

እዚያ አየር ማረፊያ መሣሪያው አውሮፕላኑን እየመራ እስከ ሁለት መቶ ጫማ ያወርደዋል፤ የሃያ ፎቅ ቁመት ያህል። ሁለት መቶ ላይ አብራሪው የማረፊያ ሜዳውን መብራት በዓይኑ ማየት አለበት። ካላየ ክርክር የለም፤ ወደ ላይ ነው።

ወረዱ። አራት መቶ፣ ሦስት መቶ። "ሁለት መቶ" አለች ረዳቷ። መስኮቱ ነጭ ነው። "ወደ ላይ" አለና ሞተሩን ከፈተው።

አስተናጋጇ በውስጥ ስልክ ደወለች። "ሰው ደህና ነው፣ ካፒቴን። አንድ አዛውንት 'ወራጅ አለ!' እያሉ ያስቃሉ።"

እሱም ፈገግ አለ፤ ለተሳፋሪውም በረጋ ድምፅ፣ በጭጋግ ምክንያት አንድ ጊዜ ደግመው እንደሚሞክሩ ነገረ። ሲናገር ግን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ሆስፒታሉ ከሜዳው አሥር ደቂቃ አይርቅም። ምናልባት ይህን ጊዜ የሞተሩ ድምፅ እሷ ጋ ይሰማ ይሆናል።

ሁለተኛውን ጀመሩ። ሦስት መቶ። ሁለት መቶ ሃምሳ። "ሁለት መቶ" አለች ረዳቷ።

እጁ አልተንቀሳቀሰም። በነጩ ውስጥ አንዲት ቢጫ ነገር ብልጭ ያለች መሰለችው። ደግማ እንድትታየው ፈለገ። አንድ ጊዜ ብቻ።

"ካፒቴን፣ ሁለት መቶ አልፈናል!"

ሰምቷታል። ቃሉ ጆሮው ደርሶ እዚያው ቀረ።

"ውጣ! ውጣ አልኩህ!" ብላ ጮኸች፤ እጇንም በእጁ ላይ ጭና የሞተሩን ማንሻ እስከ ጥጉ ገፋችው። አውሮፕላኑ እያጓራ ተነሣ። መሣሪያው መቶ ስልሳ ብሎ ነበር የተመለሰው። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከሜዳው ማዶ ያለው፣ ትንሽ ቢዘገዩ የሚጋጩት ኮረብታ፣ ጭጋግ ባይኖር ኖሮ፣ ከመስኮቱ የሚታይ ነበር።

ከጭጋጉ በላይ ወደ ፀሐዩ ወጡ።

"ይቅርታ ካፒቴን" አለች። "አንተ አልኩዎት።"

"ደግ አደረግሽ" አላት። ከዚያም እጆቹን ከመሪው አንሥቶ ጭኑ ላይ አኖራቸው። "ያዢው። ከዚህ በኋላ አንቺ አብርሪ።"

አርባ ደቂቃ ርቆ ባለው ተለዋጭ አየር ማረፊያ እሷ በደህና አሳረፈቻቸው። በሩ ሲከፈት እህቱ ሰው እየገፋች ወደ ፊት መጣች። አስተናጋጇ ልትመልሳት ስትል እሱ "ተያት" አለ።

"በላይዋ ላይ ነበርን እኮ!" አለች እህቱ። "ሁለት ጊዜ! እናቴ ደጃፍ አድርሰህ መለስከኝ!"

"አይታይም ነበር፣ እትዬ።"

ሌላ ሊል ሲል ስልኳ ጠራ። ሰማች፣ "እሺ" አለች፣ "እሺ" አለች፣ ከዚያ ስልኩ ከእጇ ወደቀ። እናታቸው ከሩብ ሰዓት በፊት አርፋለች።

ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ዓይኑን ትክ ብላ አይታ "ካፒቴን፣" አለችው፣ "ለቀብር እንኳ ያደርሱኛል?"

በሕይወቷ አንቱ ብላው አታውቅም። የዘረጋውን እጁን መለሰ።

ጭጋጉ አራት ሰዓት ላይ ተገፈፈ። እሱ ለቢሮው ደውሎ "ከዚህ በኋላ ዛሬ ለማብረር ብቁ አይደለሁም" አለና ሌላ አብራሪ እስኪመጣ ቆየ። ረዳቷ ቀስ ብላ ተጠጋችው።

"የሦስቱ ሰከንድ ነገር ሪፖርት ላይ ባይገባስ? ጭጋግ ነበር፣ ተመለስን፣ አለቀ። እኔ ምንም አላየሁም።"

"አይተሻል እንጂ" አላት። "ባታዪ ኖሮ አሁን ቆመን አናወራም ነበር። ነገ አንቺም ካፒቴን ትሆኛለሽ። ዛሬ ዝም ካልሽ ያኔ ማን ይጮህልሻል?"

እዚያው የሠራተኞች ክፍል ውስጥ፣ እናቱ ከሞተች ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ የራሱን ጥፋት በራሱ እጅ ጻፈ። አራት ወር ከበረራ ታገደ፤ እንደ ጀማሪ ተፈትኖ ነው የተመለሰው።

ለእህቱ አልነገራትም። ሐዘን ላይ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ "ወንድሜማ ከእናቱ ይልቅ ደንቡን ይወዳል" ስትል ሰምቶ አቀረቀረ። እንዲህ ቢያስቡት ይሻለው ነበር። እውነቱ የባሰ ነውና።

በአምስተኛው ወር የእናታቸውን የኪራይ ቤት ለባለቤቱ ለማስረከብ ተገናኙ። እህቱ ከቁምሳጥኑ ልብስ እያወጣች ታጥፋለች፤ እሱ ሣጥን ውስጥ ይደረድራል። ግማሽ ቀን ያህል "እንካ"ና "አምጪ" ከመባባል አላለፉም። ድንገት ሹራብ እንደያዘች ቀና አለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሆስፒታል የተኛችው የሌላ ሰው እናት ብትሆን ኖሮ አውሮፕላኑን ታሳርፈው ነበር?"

"የሌላ ሰው እናት ብትሆን ኖሮ፣" አላት፣ "ሁለት መቶ ላይ ወዲያው እወጣ ነበር።"

አልገባትም። ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ ቢጫዋን ነገር፣ የፈዘዘውን እጁን፣ የረዳቷን ጩኸት፣ መቶ ስልሳውን፣ አራቱን ወር። ሹራቡን አጠፈችው፣ ፈታችው፣ ደግማ አጠፈችው።

"አጠገቤ አንዲት ተማሪ ተቀምጣ ነበር" አለች። "አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ሁለተኛውን ስንወርድ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ 'ደህና እንደርሳለን፣ እትዬ?' አለችኝ። 'አይዞሽ፣ የሚያበረው ወንድሜ ነው' አልኳት።"

ካፒቴኑ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

"አመነችኝ እኮ" አለች እህቱ። "እጄን ለቃ በመስኮት ማየት ጀመረች።"

ከዚያ ሹራቡ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለእናቷ ይሁን፣ ለልጅቷ ይሁን፣ ለእሱ ይሁን አላወቀም፤ ልጠጋ ወይስ አልጠጋ እያለ ሲያመነታ እሷው እጇን ዘርግታ እጅጌውን ያዘችው። ቁምሳጥኑ ገና ግማሹ አልተነካም ነበር።