ገመዱን የያዘው ሰው

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ገሠሠን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ የገባ ነው፣ ወይ ገና አልተወለደም። ገበያው መሀል ቆሞ ሲያወራ ጎረቤት ከተማ ሸዋ ቤንች ድረስ ይሰማል። ይህን የሚሉት የሚወዱት ናቸው፤ የማይወዱትማ ድምፁን ሩቅ ቱም ድረስ ያደርሱታል። ቱም ቢደርስለት ኖሮ እሱም ደስታውን አይችለውም ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ድምፁን እንዲሰማለት የሚፈልገው አንድ ሰው ያለው እዚያ ነው።

ሰውየው ቲቶ ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ማር ቆርጠዋል። ቲቶ የጫካ ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም ቀፎ ሰቅለው የኖሩ ናቸው። የገሠሠ አባት ደግሞ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው ሚዛን የቀሩ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውም የከተማ ልጅ ሆኖ አደገ። ሥራውን የተከፋፈሉት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ቲቶ ዛፉ ላይ ይወጣል፣ ገሠሠ ታች ቆሞ ገመዱን ይይዛል። ቲቶ የሚወጣባቸው ቀረሮዎች ደግሞ እንደ ሌላ አገር ዛፍ አይደሉም። አንዱ ላይ ጠዋት ተላጭቶ ወጥቶ ሲወርድ ጢሙ አድጎ ተገኝቷል። ጫፉ ላይ ሆኖ ዝናቡ ከቴፒ ሲነሳ ያያል። "ገሤ፣ ልብስህን ሰብስብ፣ በቴፒ በኩል መጣልህ" ይላል። ገሠሠ ልብሱን ሰብስቦ ሳይጨርስ ዝናቡ ይደርሳል። ማሩ በቅርጫት፣ በገመድ ሲወርድለት ይቀበላል፣ ዳር ዳሩን ይቀምሳል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ወሬውን ይቀጥላል። ንብ ከንፈሩን ነድፋው እንኳ ወሬው አልተቋረጠም፤ ትንሽ ወፍራም ሆኖ ቀጠለ እንጂ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሚዛን ላይ ባዛር ተደረገ። አንድ ጋዜጠኛ ማይኩን አስጠግቶ "ይህን ማር ከዚያ ሁሉ ከፍታ የሚያወርደው ማን ነው?" አለ። ቲቶ የማሩን ጀሪካን አቅፎ ከገሠሠ ጎን ቆሟል። ገሠሠ አፉን ሲከፍት ምን እንደሚል እሱ ራሱ አያውቅም ነበር።

"እኔ ነኛ" አለ። "ገመድም አልፈልግ። እንደ ጉሬዛ ነው የምወጣው።"

ሰው ሳቀ። ቲቶ አልሳቀም። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ሄደ። በሳምንቱ ሚስቱንና ሴት ልጁን ዮሃናን ይዞ የሚስቱ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ቱም መግባቱ ተሰማ። ስልኩ ላይ ሲደወል ያቺ የማትደክም ሴትዮ ናት የምታነሳው፤ የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም ትላለች። ገሠሠ በሦስት ዓመት ውስጥ ከእሷ ጋር ያወራውን ያህል ከሚስቱ ጋር አላወራም።

ሚስቱ ማናልሞሽ ናት። በማር ሱቃቸው የምትሠራው እሷ፣ የሚታወቀው እሱ። ቲቶ ከሄደ ወዲህ ማሩን ከገበያ እየገዙ ያሽጋሉ። አንድ ቀን ገሠሠ አንድ ደንበኛ ይዞ ስለ ንብ ሁለት ሰዓት ሲያወራ ሰምታ ሰለቻት።

"አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ለቲክቶክ ለምን አታወራውም? የሚፈልግ ይሰማሃል፣ እኔም ጆሮዬ ያርፋል" አለችው።

እንደ ቀልድ ተጀመረ። ስልኩን የምትይዘው ማናልሞሽ፣ የሚያወራው ገሠሠ። "ገሠሠ የሰማይ ማር" የሚል ስም አወጡለት፤ ጠርሙሱ ላይ የገሠሠ ፎቶ ተለጠፈ፣ ከጎኑ ዶሮ የምታህል ንብ። "የእኛን ንብ ወስዳችሁ ጅማ ብትለቋት ሳትጠይቅ ሚዛን ትገባለች" አለ በመጀመሪያው ቪዲዮ። "ይህን ማር የቀመሰ አንድ ሽማግሌ ጥርስ አብቅሏል" አለ በሦስተኛው። ሕዝቡ ወደደው። ከቴፒ፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳ ትእዛዝ መጣ። አሰጋሽ የምትባል አዲስ አበባ ሱቅ ያላት ሴት በየወሩ ልኩልኝ አለች። ቪዲዮውን ያላየ በግ እንኳ ሚዛን ውስጥ አልቀረም።

ሌላው ነጋዴ ተከታይ ይቆጥራል። ገሠሠ ግን ጠዋት ጠዋት መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ የተከታዮቹን ስም አንድ በአንድ ያነባል፣ የጻፉትን ያነባል፣ እስከ መጨረሻው ይወርድና እንደገና ከላይ ይጀምራል።

"አለ?" ትለዋለች ማናልሞሽ፣ ጠርሙስ እያጠበች።

"ማን?"

"የምትፈልገው።"

"እኔ የገበያ ጥናት ነው የማደርገው" ይላል።

"በል አጥና።"

ጌተሙ ያበበ ሰሞን ነው ነገሩ የመጣው። ጌተም የሚባለው የጫካ ዛፍ ሲያብብ ማሩ ነጭ ይሆናል፤ ቲቶና እሱ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያንን ነበር። ገሠሠ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። "ጫካ ገብተን እንቅረፅ" አለ። በባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅ፣ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ሄዱ። እግሩ የወሰደው ወደ ሌላ አይደለም፤ ወደ ቲቶ ትልቁ ቀረሮ ነው። ግንዱን አሥራ አምስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ጫፉ ላይ ቲቶ ሳይሄድ የሰቀለው የመጨረሻው ቀፎ እንዳለ ነው፤ ከታች ሲታይ አውራ ጣት ያህላል። ግንዱ ላይ፣ ሰው ደረት ትይዩ፣ የቲቶ አባት በገጀራ የቀረፁት ምልክት አለ፤ ሦስት ሰረዝና አንድ ክብ።

በዚያ አገር ምልክት ያለበት ዛፍ ማለት ምን እንደሆነ ለልጅም አይነገርም፤ ልጁ አውቆት ነው የሚወለደው። ባለቤቱ ቢሄድ፣ ቢሞት፣ ቢጠፋ ዛፉ የእሱ ነው። ሌላ ሰው ቀፎ አይሰቅልበትም፣ አይቆርጠውም፣ የእኔ ነው ብሎ አይጠራውም። ገሠሠ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ጀርባውን ምልክቱ ላይ አስደገፈ። የገሠሠ ጀርባ ደግሞ ምልክት ቀርቶ ሚኒባስ ይሸፍናል።

ማናልሞሽ ስልኩን አነሳች። ገሠሠ ስለ ጌተም አበባ ጀመረ፣ ስለ ነጭ ማር ቀጠለ፣ እንደ ልማዱ ሞቅ አለው። "ይህ ዛፍ" አለ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ፣ "የእኔ ነው፤ በዚህ ሁለት እጄ ነው የምወጣው።" እጁን ሲወረውር ትከሻው ከግንዱ ተነሳ። ሦስቱም ሰረዝ፣ ክቡም፣ እንደ መታወቂያ ፎቶ ጥርት ብለው ገቡ። ሁለቱም አላዩትም። ለቀቁት።

በማግስቱ ሱቁ ገና ሳይከፈት ሰዉ ቪዲዮው ሥር ጽፎ ሞልቶታል። "ጋሼ ገሠሠ፣ ጀርባዎ የደበቀውን እጅዎ አሳየን" ይላል አንዱ። "የቲቶ ዛፍ መቼ ተሸጠ?" ይላል ሌላው። የሸዋ ቤንች ሰው በሙሉ መጥቶ የተሰለፈ ይመስላል። አሰጋሽ ደወለች። "አቶ ገሠሠ፣ በሰው ዛፍ ከማሉ ማሩ የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ለጊዜው ይቅርብኝ" ብላ ዘጋች።

"አጥፋው" አለች ማናልሞሽ። "አሁኑኑ አጥፋው ገሤ። በልተን የምናድርበት ስም ነው።"

ገሠሠ አልሰማትም። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ፎቶ የሌለው ገጽ ነው፣ ስሙ ዮሃና ቲቶ። "አባቴ፣ ይህን ዛፍ ማን ሰጠህ ይላል።"

ገሠሠ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አነበበ።

"ይላል ትላለች" አለ። "ማኔ፣ አይተሻል? አባቴ ይላል ትላለች። አጠገቧ ተቀምጦ ነው ያጻፋት። አይቶኛል ማለት ነው።"

"ሌባ እያለህ ነው እኮ።"

"ይበለኝ። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አለኝ።"

"እና ይህን ስድብ ሁሉ ተሸክመን እንቀመጥ?"

"ቪዲዮውን ካጠፋሁት የእሱም ቃል አብሮ ይጠፋል" አለ።

ማናልሞሽ ጠርሙሱን አስቀምጣ አየችው። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ድምፁ እንዲህ ዝቅ ሲል የሰማችው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ አባቱ የሞቱ ቀን ነበር። እጇን አደራረቀች። "እንግዲያው መልስለት" አለችው። "ግን እውነቱን እንዳለ። ሳታሳብጥ።"

ከሱቁ ጀርባ ተቀመጡ። ስልኩን ደግና ያዘች።

"ውድ ተከታታዮቼ" ጀመረ ገሠሠ፣ "ኢትዮጵያ ከተፈጠረች ጀምሮ የእኔን ያህል የዋሸ ሰው—"

ስልኩን አወረደችው። "በጥፋትም አንደኛ ልትወጣ ነው?"

ሁለተኛው ላይ ቲቶን ንስር አደረገው። "ቲቶ ይህን ቢሰማ ያፍራል። ሰው ነው፤ ሰው አድርገው" አለችው። ሦስተኛው ላይ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ ወጥቶ መውረድ ፈርቶ ጎረቤት እንዳወረደው ተናገረ። ይህ እውነት ነበር፤ ማናልሞሽ ራሷ ሳቀች። "ግን ቲቶ ይህን ያውቃል" አለች። "ሌላው ሰው ይስቃል፣ እሱ ምን ያገኝበታል?" አራተኛው ላይ ቃል አጣ። ገሠሠ ቃል አጣ ቢባል ሚዛን ውስጥ የሚያምን የለም፤ ቢሆንም ሆነ። አምስተኛው ላይ ተነስቶ ውሃ ጠጣ። ስድስተኛው ይህ ነው።

"ቲቶ፣ ዛፉን ማንም አልሰጠኝም። የአንተ ነው። የወጣኸው አንተ ነህ። በባዛሩ ቀንም እንዲህ ነበር ማለት የነበረብኝ። እኔ ታች ቆሜ ገመዱን ነው የያዝኩት።"

ለቀቁት። ከቪዲዮዎቹ ሁሉ እንደዚህ ጥቂት ሰው ያየው የለም። አርባ አንድ ሰው አየው። በዚህ ቁጥር ላይ የሚጨመር ነገር የለም፤ አርባ አንድ ነው።

አንድ ቀን ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ገሠሠ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ ስልኩን በሻርፕ ጠቅልሎ ኪሱ ያስገባል፣ መልሶ ያወጣል። ሰው ሰላም ሲለው ሰላም ይላል፣ ከዚያ በኋላ አይቀጥልም። "ባልሽን አሞታል?" ብለው ማናልሞሽን የጠየቁ አሉ። ሰማይ ሲያጉረመርም ቀና ይላል፤ ቀና ብሎ የሚጠብቀው ድምፅ ከየትም አይመጣም።

በአምስተኛው ቀን ዮሃና ጻፈች። "አባቴ፣ ላይ ያለው ቀፎዬ ንብ ገብቶበታል ወይ ይላል።"

ያንኑ ቀን ከሰዓት በፊት ጫካ ገቡ። ገሠሠ ትከሻው ላይ ከጓዳ ያወጣውን አሮጌ ገመድ ጠቅልሎ ተሸክሟል።

"ይህ ምን ሊሆንህ ነው?"

"እዚህ ባዶ እጄን ቆሜ አላውቅም" አለ።

ዛፉ ሥር ቆመው ቀና አሉ። ቅጠሉ ቀፎውን ግማሽ በግማሽ ሸፍኖታል። አንድ ጥቁር ነገር ውር ውር የሚል ይመስላል፤ ንብም ሊሆን ይችላል፣ ዓይን የሚፈጥረውም ሊሆን ይችላል። ገሠሠ ጆሮውን ግንዱ ላይ፣ ሦስቱ ሰረዝ ላይ ለጠፈ። እምም የሚል ነገር ሰማ። ዛፉ ይሁን የራሱ ደም አላወቀም። ብዙ ቆየ። ማናልሞሽ ሥሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

ምን እንደሚጻፍ እሱ ያውቃል። ንቡ እንደ ወንዝ እየጎረፈ ነው ቢለው፣ ማሩ ሞልቶ ግንዱ ላይ እየፈሰሰ ነው ቢለው፣ ቲቶ ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን መኪና ይይዛል። ቀፎ የሰቀለ ሰው ማሩ ሞልቶ ቤቱ አይቀመጥም። ገሠሠ በሕይወቱ ከዚህ ያነሰ ምክንያት ኖሮት ከዚህ የበለጠ ተናግሯል።

ጫካው ውስጥ ኔትወርክ የለም። ወደ መንገዱ ወጡ። መንገዱ ዳር ካለ ጉብታ ላይ ስልኩ ኔትወርክ አግኝቶ ነዘረ። ገሠሠ በአንድ ጣቱ ጀመረ። አንዲት ቃል ጻፈ፣ አጠፋት። እንደገና ጻፈ። ማናልሞሽ በትከሻው በኩል አነበበች።

"ከታች አይታየኝም። ውጥተህ ማየት ያለብህ አንተ ነህ። ገመዱን ይዣለሁ።"

"ውጥተህ አይደለም፣ ወጥተህ ነው" አለችው።

አስተካከለ፣ ላከ። ስልኩን ዘቅዝቆ ያዘው፣ መልሶ አዞረው። ምንም የለም። የቱም መንገድ በተራራው ጥግ ታጥፎ ይጠፋል፤ እስከ ታጠፈበት ድረስ በዓይኑ ሄደ። አንድ አይሱዙ ሙዝ ጭኖ መጣ፣ አለፈ።

"ዝናብ ሊመጣ ነው" አለች ማናልሞሽ። "እንሂድ።"

"በየት በኩል ነው የሚመጣው?"

"እኔ እንጃ።"

ገሠሠ ቀና አለ። ሰማዩ በሁሉም በኩል አንድ ዓይነት ነበር። ገመዱን ከትከሻው አውርዶ መንገዱ ዳር ተቀመጠ፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠውና ሊነሳ ሲል መነሳቱን ትቶ የቱምን መንገድ ማየት ቀጠለ።