የፈራ ሦስት ጊዜ ይምታ

ባለቤቴ ኤቫሪስቶ ገላውን በታጠበ ቁጥር የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ በፎጣ የሚያደርቅ ሰው ነው። ወንድሜ በርትራም ግን ከባሕር እንደ ወጣ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ ወንበሬ ላይ ይቀመጣል፤ ጨው በጀርባው ላይ ካርታ እስኪሥል ድረስ አይነሣም። ባለቤቴ በኦሬንጅ ዎክ ከተማ ሠላሳ ዓመት በዳኝነት ሲያገለግል ማስረጃ ያልቀረበበትን ነገር አምኖ አያውቅም። ወንድሜ በዚያው ሠላሳ ዓመት በኬይ ኮከር ደሴት ባሕር ውስጥ መጥለቅን ሲያስተምር፣ የማያምነው ነገር ቢኖር የአየር ትንበያን ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ማዕድ ዙሪያ የማስማማቱ ጣጣ የእኔ ሆነ፤ ፋሲካ በመጣ ቁጥር የምናርፈው በወንድሜ ቤት ነውና።

ዘንድሮ በሁለቱ መካከል የልጅ ልጃችን ኔሪዳ ገባች። ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በርትራም ዘንድ ሁለት ዓመት ተቀምጣ የመጥለቅ አስተማሪነትን ለመማር ቆርጣለች። ያሳደግናት እኛ ስለሆንን ያለ አያቷ ፈቃድ አንዲት እርምጃ አትራመድም። አያቷ ደግሞ ሻርክ ይፈራል። ፍርሃቱም የዋዛ አይደለም፤ የሻርክ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ እንኳ የሚገልጠው በሁለት ጣት ጫፍ ነው።

«እኔ ልሄድበት ወደማልችል ስፍራ ልጄን አልልክም» አለ በስቅለት ዕለት፣ በአገራችን ልማድ በዕለቱ የሚበላውን ጣፋጭ ዳቦ በአይብ እየበላ።

«እንግዲያው ይምጡና ይዩት፣ አባባ» አለች ኔሪዳ።

በርትራም ሣቁን ለቀቀው። «እሱ? አማቼ እኮ ገንዳ ውስጥ እንኳ የሚገባው ግራ ቀኙን አይቶ ነው!»

«አንተ ደግሞ ገንዳ ምን እንደሆነ መቼ አውቀህ!»

«ጢሜ ይረጥባል ብለህ ነው፣ አይደል?»

ኤቫሪስቶ ፍርፋሪውን ከጢሙ ላይ አራገፈ። «አሁኑኑ እጠልቃለሁ።»

«ዛሬማ አይሆንም፤ በስቅለት ውኃ የገባ ዓሣ ሆኖ ይቀራል ይላሉ የደሴቱ አሮጊቶች። አንተን ዓሣ አድርጌ እህቴን ምን እላታለሁ?»

«እንግዲያስ ነገ። እሑድ በምሳ ላይ ውሳኔዬን ለቤተሰቡ አሰማለሁ፤ ይግባኝም የለውም።»

ኔሪዳ በጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠች።

በማግስቱ በርትራም ቀልዱን ትቶ ሥራውን ያዘ። ባለቤቴን በወገብ ልክ ውኃ ውስጥ አቁሞ በአፍ መተንፈስን፣ መነጽር ውስጥ የገባን ውኃ በአፍንጫ ነፍቶ ማስወጣትን፣ ትንፋሽንም ፈጽሞ አለመያዝን ሲያስተምረው አረፈደ። በመጨረሻ አንዲት አጭር የብረት ዘንግ አስያዘው።

«ከታች መጮኽ የለም። ከፈራህ ጀርባህ ላይ ያለውን የአየር ሲሊንደር በዚህች ሦስት ጊዜ ምታ፤ ሰምቼ እመጣለሁ።»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት። ከዚያ በላይ ከመታህ መንደር ልትቀሰቅስ ነው።»

የወረዱት ከወንድሜ የጀልባ ማቆሚያ ፊት ለፊት፣ አራት ሜትር በማይሞላ ጸጥተኛ ውኃ ውስጥ ነበር። እኔና ኔሪዳ ከእንጨቱ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ቁልቁል እናያለን፤ ውኃው እጅግ የጠራ ስለነበር የባለቤቴ በራ ሳይቀር ያብለጨልጭ ነበር። አንድ አሥር ደቂቃ በሰላም አለፈ። ከዚያ ከባሕሩ ሣር ውስጥ አንድ ቡናማ ሻርክ፣ አሸዋ ለአሸዋ ሲያሸት የሚውለው ጢማሙ ዓይነት፣ ብቅ አለ።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

በርትራም ከተፍ አለ፤ ሻርኩን አየውና አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ «ደህና ነው» የሚለውን ምልክት ሰጠው። ባለቤቴ ዞር ቢል ሻርኮቹ ሦስት ሆነዋል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ! አምስት ሆኑ። ቋቋቋቋቋ! ሰባት ደረሱ፤ ሁለቱ ከእኔ ቁመት ይበልጣሉ።

«አበቃልኝ» አለች ኔሪዳ። «ከእንግዲህ ዝናብ ውስጥ መቆምም አይፈቅዱልኝም።» ወዲያው ግን ብድግ አለች። «እማማ! የቀንድ አውጣው መዶሻ!»

እኔም ራሴን ያዝሁ። የመንደሩ አጥማጆች፣ አባቴም በዘመኑ፣ የባሕር ቀንድ አውጣቸውን የሚያጸዱት እዚያው ማቆሚያ ላይ ነው፤ ዛጎሉን በመዶሻ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አድርገው ይበሱና ሥጋውን አውጥተው ትርፍራፊውን ለውኃው ይጥሉታል። ሻርኮቹ ያን ድምፅ ከሰሙ ምሳ ቀርቧል ማለት ነው። እዚያው ተወልጄ ያደግሁት እኔ፣ እዚያው ያረጀው በርትራምም፣ ይህን ሳናስብ ሰውዬውን የምሳ ደወል አስይዘን ሰደድነው!

ከታች ኤቫሪስቶ በድንገት እጁን ገታ። ሻርኮቹ ጥቂት ዞሩት፤ አንዱም ዘንጉን አሸተተ። በሦስት አህጉር ድግስ በልቻለሁ፤ ወጡ አልቋል ሲባል እንደ እነዚያ ሻርኮች ቅር ያለው ዕድምተኛ ግን አላየሁም። ተራ በተራ ሄዱ። ባለቤቴ መራቃቸውን አየና ዘንጉን አንሥቶ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ መታ። ተመለሱ። ሲሄዱ እየጠበቀ ደጋግሞ መታ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰውዬው ምስክር እየመረመረ ነበር።

ሲወጡ በርትራም በሣቅ ብዛት የዋጠውን ውኃ ያስላል።

«ሆን ብዬ አራት ጊዜ ጠራኋቸው» አለ ባለቤቴ። «አራቱንም ጊዜ መጡ። እኔን የፈለገ ግን አንድም የለም።»

«ቅር አለህ እንዴ?» አለው በርትራም።

«ትንሽ።»

እሑድ ሩዙና ባቄላው በኮኮናት ወተት፣ የበሰለውም ሙዝ ተጠብሶ ቀረበ። ኔሪዳ ሹካዋን እንኳ አላነሣችም። ኤቫሪስቶ ጢሙን ጠርጎ ቆመ።

«ተከሳሾቹ ሲጠሩ መጡ፤ ጠበቁ፤ የሚበላ ሲያጡ ማንንም ሳያስቀይሙ ሄዱ። በዚህ ማዕድ ዙሪያ ይህን ያህል ጨዋነት ያላሳየ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም።»

«ጥራው!» አለ በርትራም፣ ከረጠበው ወንበር ላይ ሆኖ።

«ኔሪዳ ትማር። ሁለቱንም ዓመት።»

ልጅቷ ስትነሣ ወንበሯ ተገለበጠ።

«ቁጭ በይ፣ ገና አልጨረስሁም። ጠላቂ ብቻውን አይወርድም ብሎ ያስተማረኝ ይኸው ሰውዬ ነው። ስለዚህ ጥንድሽ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው ትምህርቴም ማክሰኞ ጠዋት ነው። እኔና አያትሽ ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ወደ ኦሬንጅ ዎክ አንመለስም።»