ብሎን የሌለው ኬዝ

ነገሌ ቦረና ውስጥ ኮምፒውተር የሚሞተው በእርጅና አይደለም፤ በአቧራ ነው። በር ዝጋ፣ መስኮት ዝጋ፣ መጋረጃ ስቀል፣ ያ ቀይ አፈር ምን ገዶት! ገብቶ የማሽኑ ሆድ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ማሽኑ በየጊዜው መከፈት፣ መነፋት፣ መጠረግ አለበት። በዚህ ሥራ ደግሞ ከዓብዱልባሲጥ የሚስተካከል በከተማው አልነበረም። ገበያው አጠገብ ባለችው የጽሕፈትና የጥገና ሱቁ ተቀምጦ፣ ከደንበኛው ጋር እየቀለደ፣ ብሎኑን ሳያየው በካቻቢቴ ይፈታዋል። ነጋዴው፣ መምህሩ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ «ማስተር» ነው የሚለው። ሚስቱ ከሚላም በዚህ ስም ትኮራ ነበር፤ ለምን ይዋሻል!

ታዲያ ካለፈው ረመዳን ወዲህ አንድ ነገር ተበላሸ። ዓብዱልባሲጥን ስኳር በሽታ ከያዘው ዓመታት አልፈዋል፤ እሱን ሁሉም ያውቃል። ያልታወቀው የእጁ ነገር ነው። ከሚላ መጀመሪያ ያየችው ምግብ ላይ ነው፤ ሩዙ ከቀኝ እጁ ጣቶች መሃል እየሾለከ ሲወድቅ። በማግስቱ «ማንኪያ አምጪልኝ፣ ትኩስ ነው» አላት። ምግቡ ግን ቀዝቅዞ ነበር። ቀጥሎ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ መልበስ ተወና ጀለቢያ ብቻ ሆነ፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ «ሙቀቱ ነዋ!» ይላል። ሱቅ ውስጥም ደንበኛ ማሽን ተሸክሞ ሲመጣ «ነገ ና» ማለት አበዛ። አንድ ቀን ከጓዳ ብቅ ስትል ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ብሎን ሲለቅም አየችው። ያነሳታል፣ ትወድቃለች፤ ያነሳታል፣ ትወድቃለች። ከሚላ ያላየች መስላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ምን ትበለው? በነሱ ቤት ባል ያልተናገረውን ሕመም ሚስት ቀድማ አትጠራውም። እሱ ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፤ ሁለቱም ዝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አዋቂዎች፤ እሱ ግን ሐኪሙ ፊት እንኳን «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ነው የሚወጣው። ከሚላን ያስፈራት ደግሞ የእጁ መድከም ብቻ አልነበረም። ይህ ሰው ሥራውን ያጣ ቀን፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ፣ በቁሙ ይሞትብኛል ብላ ነው የፈራችው። 

በመጨረሻ የሱቁ የራሱ ማሽን ይጠፋ ጀመር። ሰው ደብዳቤ ሲያስጽፍ፣ ገና ግማሹ ላይ ድርግም! ዓብዱልባሲጥ «መብራቱ ነው» አለ። መብራቱ አልነበረም፤ ማሽኑ ሳይከፈት ከርሞ በአቧራ ታፍኖ ነው። ከሚላ ቆየት ብላ፣ በልጃቸው ስም ጠርታ፣ «የዱንያ አባት፣ ሞያሌ ሳሊም ጋ ልውሰደው እንዴ?» አለችው። ሳሊም የአክስቷ ልጅ ነው፤ ድንበሩ አጠገብ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «የእኔን ማሽን የሌላ ሰው እጅ አይነካውም!» ብሎ ቤቱን ያናውጠው ነበር። አሁን ግን ቀና ሳይል «ውሰጂው» አለ። ያቺ «ውሰጂው» ከማንኪያውም ከሸሚዙም ይልቅ አስደነገጠቻት።

ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በያቤሎ ዞራ ዱብሉቅን አልፋ ሞያሌ ገባች። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ነው ያሰበችው። ቀኝ እጁ እምቢ ካለ ግራው አለ። በግራ እጅ ብቻ፣ ያለ ካቻቢቴ የሚከፈት የማሽን ሣጥን፣ ኬዝ ቢገኝ፣ ዓብዱልባሲጥ እንደ ድሮው ማሽኑን ከፍቶ ይጠርጋል፤ ሰውም «ማስተር» ይለዋል፤ ማንም ምንም አያውቅም።

ሳሊም ሰላምታውን ሲያዥጎደጉድ «እሱን ተወውና ኬዝ አሳየኝ» አለችው። ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጭ አወጣላት። ከሚላ ቀኝ እጇን ሻሿ ውስጥ ከታ በግራዋ ዳበሰችው። ብሎኑ በካቻቢቴ ካልሆነ አይነቃነቅም።

«ይኼ ለሠርግ ቤት ይሁን» አለችና ገፋችው።

ሁለተኛው ብሎኑ በጣት የሚዞር ነበር። ሳሊም «ይኸው፣ ካቻቢቴ አያስፈልገውም» አለ። በግራዋ ሞከረች፤ ዞረላት። ግን በሁለት ጣት ጠበቅ አድርጎ መቆንጠጥ ይፈልጋል፣ ብሎኗም ተፈትታ ስታበቃ ወለል ላይ ዱብ አለች። ከሚላ የወደቀችውን ብሎን ስታይ ባሏ ተንበርክኮ ታያት። «ይኼም አይሆንም» አለች።

«በግራሽ ምን ያታግልሻል? ቀኝሽን ምን ነካው?» አለ ሳሊም።

«ምንም።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዓይናቸውን ሻሿ ላይ ተከሉ፤ እጇ የተቆረጠ ሳይመስላቸው አልቀረም። ይምሰላቸው! ሳሊም ግን ጅል አይደለም። ጥቂት አሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማስተር እንዴት ነው?» አላት።

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሳሊም ሌላ አልጠየቀም። ጓዳ ገብቶ፣ ከናይሮቢ ቢሮዎች ወጥቶ የመጣ፣ መልክ የሌለው ግራጫ ኬዝ ይዞ መጣ። ከኋላው ሰፋ ያለች ምላስ አለችው፤ ስትጫናት የጎኑ ክዳን በአንድ ጊዜ ወለል ይላል። ውስጡም ብሎን የለውም፤ ዲስኩ በሐዲድ ይንሸራተታል፣ የአቧራ ማጣሪያው ተስቦ ይወጣል። ከሚላ በግራዋ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ደግሞ ከፈተችው። «እሰይ! ያንተ ያለህ!» አለች ጮክ ብላ። ሳሊም የድሮውን ማሽን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ወደ ግራጫው አዛወረላትና መለሳት።

ነገሌ ስትደርስ ኬዙን ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዓብዱልባሲጥ ዞር ዞር እያለ አየው፤ ጀርባውን አየው፤ ጎኑን አየው።

«ብሎኑስ?»

«የለውም። አቧራው መቼስ ታውቀዋለህ፣ ቶሎ ቶሎ ለመክፈት እንዲቀልህ ብዬ...»

«ከሚላ!»

በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ ሁሌም «የዱንያ እናት» ነው የሚላት። ፊቱ ጠቆረ። «ሽባ ነው ብለሽ ለዘመድሽ ነገርሽ? ሞያሌ ድረስ ወስደሽ አዋረድሽኝ?»

«ለማንም አልተናገርኩም! ምን ቆርጦኝ!» ከዚያ በኋላ ያፈነችው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «ቀኝህ እምቢ እንዳለህ አውቃለሁ። ሩዙንም አይቻለሁ፣ ብሎኑንም አይቻለሁ። ስለዚህ ግራህን ብዬ ነው የመረጥኩት። በግራዬ ብቻ ሞክሬዋለሁ፣ ይከፈታል። ክፈተው በአላህ!»

የዓብዱልባሲጥ ቁጣ ከፊቱ ላይ ወረደ። ግራ እጁን ከጀለቢያው ኪስ አወጣና የኬዙ ምላስ ላይ አሳረፈው። ጣቶቹ ተንሸራተቱ። ደግሞ አሳረፈው፤ አውራ ጣቱ ምላሷን አልፎ ባዶ ብረት ይጫናል፣ እሱ ግን ምኑን እንደሚጫን አያውቅም። ዓይኑን እጁ ላይ ተክሎ ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። ኬዙ አልተከፈተም።

«ቀድሞ የሄደው ግራዬ ነው» አላት።

መዳፉን ገልብጦ አሳያት። መሃል ለመሃል ጠባሳ ተጋድሞበታል፤ ሽቦ የሚበይድበት የጋለ ብረት ያቃጠለው። «መቃጠሌን የነገረኝ ሽታው ነው፤ እጄማ ምንም አላለኝም። ያን ጊዜ ቀኜ ገና ደህና ነበር።»

ከሚላ እንዴት ሳላይ? ብላ ራሷን ጠየቀች። ኧረ እንዴት ብላ ልታይ! ሰው የሚጨበጠው በቀኝ፣ የሚበላው በቀኝ፣ ዕቃ የሚሰጠውም የሚቀበለውም በቀኝ። ግራ እጅን ማን ያያል? ዓመት ሙሉ ኪሱ ውስጥ የሞተ እጅ ይዞ አብሯት ኖሯል፤ እሷ ደግሞ በዚያ እጅ ተስፋ አድርጋ ሞያሌ ደርሳ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ምርር ብላ አለቀሰች። እሱም አላባበላትም፤ ማባበያ አልነበረውም።

ለቅሶዋ በረድ ሲል «በይ ክፈቺው» አላት።

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? እዚህ ድረስ ያመጣሽውን ዘግተሽ ልታስቀምጪው ነው?»

የኬዙን ምላስ ተጫነች፤ ክዳኑ ተከፈተ። ዓብዱልባሲጥ በርጩማውን አስጠግቶ አጠገቧ ተቀመጠ። መጀመሪያ የሰውነቷ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የኬዙን ብረት እንድትነካ፣ ከዚያ የትኛውን የመያዣ ጆሮ ወደ ውጭ ገፍታ የማስታወሻ ካርዱን፣ ራሙን፣ እንደምታወጣ፣ ማራገቢያውን በየትኛው ብሩሽ እንደምትጠርግ አንድ በአንድ ነገራት። ስትሳሳት «አይ፣ ቀስ!» ይላታል፤ እሷም «ቀስ እያልኩ አይደለም እንዴ!» ትለዋለች። ጠርገው ሲጨርሱ አበሩት፤ ቆየት ብለው አጠፉት።

«አሁን ከማራገቢያው ሥር ያለውን ብረት ዳብሺው። ድሮ የማሽኑን ደህንነት የማውቀው እሱን ነክቼ ነበር።»

ዳበሰችው።

«ያቃጥላል?»

«አያቃጥልም። ለብ ብሏል።»

«ለብ ብሏል» አለ ከሷ ቀጥሎ፣ ለራሱ።

ይህን ጊዜ ጉዮ ገባ፤ የወረዳ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፣ «ነገ ና» ሲባል የከረመ። የሞተ ማሽን ትከሻው ላይ ተሸክሟል። «አካም፣ ማስተር! ናጋ? ዛሬስ ትሠራልኛለህ ወይስ ደግሞ ነገ ልትለኝ ነው?»

ከሚላ «ነገ ና» ይላል ብላ ጠበቀች።

«ለእሷ ስጣት» አለ ዓብዱልባሲጥ።

«ለማን?»

«ለከሚላ። ሁለቱም እጆቼ ሞተዋል፣ ጉዮ። ከእንግዲህ የምትሠራው እሷ ናት፤ እኔ እነግራታለሁ።»

ጉዮ ማሽኑን ከትከሻው አውርዶ ዘረጋላት። ከሚላ ተቀበለችው፤ እንባዋ ጋርዷት ግን የት እንደምታስቀምጠው አልታያትም።